ለሕፃናት አሞክሳሲሊን፦ የሚበጠበጠው ብልቃጥ ወይስ በውሃ የሚሟሟው ኪኒን?

ባሕር ዳር ውስጥ የሚያስል ሕፃን ታቅፎ ፋርማሲ ለሚገባ ወላጅ አብዛኛውን ጊዜ የሚቀርብለት ብልቃጥ ነው፤ ከታች ዱቄት የተኛበት፣ ውሃ ተጨምሮበት የሚበጠበጥ የአሞክሳሲሊን ሽሮፕ። ይኸው መድኃኒት በሌላ መልክም አለ። ባለ 250 ሚሊ ግራም ኪኒን ሆኖ፣ ሲኒ ውስጥ በጥቂት ውሃ ሟሙቶ ይጠጣል። ኪኒኑን የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች በደንብ ያውቁታል፤ ከግል መድኃኒት ቤት የሚገዛ ወላጅ ግን በስሙ ጠርቶ የሚጠይቀው እምብዛም ነው። ይህ ግምገማ ሁለቱን ከፋርማሲው መስኮት እስከ ቆሻሻ መጣያው ድረስ ያወዳድራል።

ፍርዱን አስቀድመን እንናገር። ዕድሜው ከ2 ወር እስከ 5 ዓመት ለሆነና የሳንባ ምች እንዳለበት ባለሙያ ላረጋገጠለት ልጅ ኪኒኑ ይሻላል። ብልቃጡ ውስጥ ያለው መድኃኒት ምንም አልጎደለውም። ነገር ግን ከብልቃጡ እስከ ልጁ አፍ ባለው መንገድ ላይ ስህተት የሚገባባቸው በሮች ብዙ ናቸው፤ አብዛኞቹ ስህተቶችም መጠኑን ወደ ታች ይጎትቱታል። ከመጠን ያነሰ አንቲባዮቲክ ልጁን ሳያድን ጀርሙን ያለማምዳል። ፔኒሲሊንን ያገኘው አሌክሳንደር ፍሌሚንግ እ.ኤ.አ. በ1945 የኖቤል ሽልማቱን ሲቀበል ባሰማው ንግግር ያስጠነቀቀው ስለዚሁ ነበር፦ ለመግደል የማይበቃ መጠን ጀርሙን መድኃኒቱን እንዲቋቋም ያደርገዋል አለ። እ.ኤ.አ. በ2019 ብቻ መድኃኒት በተላመዱ ባክቴሪያዎች ምክንያት በዓለም ዙሪያ ወደ 1.27 ሚሊዮን የሚጠጋ ሰው እንደሞተ ተገምቷል።

ከመግዛት በፊት

ለጉንፋን ሁለቱም ጥቅም የላቸውም። አሞክሳሲሊን የሚሠራው ባክቴሪያ ግድግዳውን እንዳይገነባ በመከልከል ነው፤ ጉንፋን የሚያመጣው ቫይረስ ደግሞ ያ ግድግዳ ጭራሹን የለውም። ኅዳር 12 ሰፈሩ ሁሉ በጭስ የሚታጠንበት ልማድ የቀረልን በ1911 ዓ.ም. ከገባው የኅዳር በሽታ ነው፤ እሱም ኢንፍሉዌንዛ፣ ማለትም ቫይረስ ነበር። ያኔ አሞክሳሲሊን ቢኖር ኖሮ እንኳ ቫይረሱን ራሱን ባልነካው ነበር።

ሳል ከጉንፋን አልፎ የሳንባ ምች መሆኑን ለመጠርጠር ቤት ውስጥ የሚቻል አንድ ጥሩ ምርመራ አለ፤ ትንፋሽ መቁጠር። ልጁ ሳያለቅስና ሳይጠባ፣ ረጋ ባለበት ሰዓት ልብሱን ከደረቱ ገለጥ አድርጎ ለሙሉ 1 ደቂቃ መቁጠር ነው። ለ30 ሰከንድ ቆጥሮ በ2 ማባዛት ያሳስታል፤ ሕፃናት ትንፋሻቸው ይቆራረጣል። ከ2 ወር እስከ 12 ወር ባለው ልጅ በደቂቃ 50 እና ከዚያ በላይ፣ ከ12 ወር እስከ 5 ዓመት ባለው 40 እና ከዚያ በላይ ከሆነ ፈጣን ነው፤ ወደ ጤና ጣቢያ ይወሰድ። ትንፋሽ ሲያስገባ የደረቱ የታችኛው ክፍል ወደ ውስጥ ስርጉድ የሚል ከሆነም እንዲሁ። መጥባት ወይም መጠጣት ካቃተው፣ የወሰደውን ሁሉ ካስታወከ፣ ካንቀጠቀጠው፣ ወይም ከደነዘዘና አልነቃ ካለ ግን ፋርማሲ ላይ መቆም የለም፤ በቀጥታ ሆስፒታል ነው። ከ2 ወር በታች የሆነ ሕፃን በምንም ዓይነት በቤት ግምት አንቲባዮቲክ አይጀመርለትም።

ተቅማጥ ላይም ብዙ አሞክሳሲሊን ይባክናል። ደም ለሌለው የሕፃናት ተቅማጥ የሚያስፈልገው ኦ.አር.ኤስ. እና ዚንክ ነው፤ ዚንኩ ከ6 ወር በታች ለሆነ 10 ሚሊ ግራም፣ ከዚያ በላይ ለሆነ 20 ሚሊ ግራም፣ በቀን 1 ጊዜ፣ ተቅማጡ ቢቆምም ለ10 ቀን ይሰጣል።

ስንት ብልቃጥ?

የዚህ ግምገማ ትልቁ ጉዳይ እዚህ ጋ ነው፤ ሰው የሚሳሳተው ከሁሉ በላይ በዚህ ስለሆነ ረዘም አድርገን እንሄድበታለን።

የዓለም ጤና ድርጅት ለሕፃናት የሳንባ ምች የሚመክረው መጠን ለእያንዳንዱ ኪሎ 40 ሚሊ ግራም፣ በቀን 2 ጊዜ ነው። ይህ በክብደት ሲመደብ እንዲህ ይሆናል፦ ከ4 ኪሎ እስከ 10 ኪሎ ላልሞላ ልጅ በአንድ ጊዜ 250 ሚሊ ግራም፤ ከ10 ኪሎ እስከ 14 ኪሎ ላልሞላ 500፤ ከ14 እስከ 19 ኪሎ 750። የተለመደው የሕክምና ጊዜ 5 ቀን ነው። የመጨረሻውን ቃል የሚናገረው ልጁን ያየው ባለሙያ ነው፤ ቁጥሮቹን የምናስቀምጠው በማዘዣው ላይ የተጻፈው ከተሰጠዎት ዕቃ ጋር መግጠሙን እንዲያመሳክሩበት ነው።

በኪኒኑ ስሌቱ ቀላል ነው። ለመጀመሪያው ምድብ ጠዋት 1 ማታ 1፣ በ5 ቀን 10 ፍሬ። ለሁለተኛው ጠዋት 2 ማታ 2፣ 20 ፍሬ። ለሦስተኛው ጠዋት 3 ማታ 3፣ 30 ፍሬ።

አሁን ብልቃጡን እንየው። ገበያ ላይ ሁለት ጥንካሬ አለ፦ በ5 ሚሊ ሊትር 125 ሚሊ ግራም ያለውና በ5 ሚሊ ሊትር 250 ያለው። ዱቄታቸውና ቀለማቸው ይመሳሰላል፤ የሚለያቸው የልጣፉ ቁጥር ብቻ ነው። 100 ሚሊ ሊትር የሚሞላው የ125 ብልቃጥ በጠቅላላ የያዘው 2500 ሚሊ ግራም ነው። 12 ኪሎ ለሚመዝን ልጅ በ5 ቀን የሚያስፈልገው 5000 ነው። ስለዚህ አንድ ብልቃጥ ይዞ ወደ ቤቱ የሄደ ወላጅ፣ በትክክል ቢለካ፣ መድኃኒቱ በ3ኛው ቀን አጋማሽ ላይ ያልቅበታል። ሁለት ብልቃጥ ያስፈልገው ነበር። ለ16 ኪሎ ልጅ ሦስት። 60 ሚሊ ሊትር የሚሞላው ትንሹ ብልቃጥ ከሆነማ በውስጡ ያለው 1500 ሚሊ ግራም ብቻ ነው፤ ለ12 ኪሎ ልጅ የአንድ ቀን ተኩል ስንቅ።

ብዙ ቤት ግን መድኃኒቱ በ3ኛው ቀን አያልቅም፤ ከመጠኑ እያነሰ እየተሰጠ ስለሚቆይ። «አንድ የሻይ ማንኪያ በቀን 3 ጊዜ» የሚለው የቆየ ልማድ አሁንም አለ። በ125 ሽሮፕ ይህ በቀን 375 ሚሊ ግራም ነው። ለ12 ኪሎ ልጅ ከላይ ባለው ምድብ በቀን 1000 ይገባው ነበር። ልጁ የሚያገኘው ከግማሽ በታች ነው ማለት ነው።

ይህ ጉድለት ለምን ጀርሙን እንደሚጠቅመው መረዳት ያስፈልጋል። የሳንባ ምች ከሚያመጡት ዋነኛው ባክቴሪያ ኒሞኮከስ ይባላል። ይህ ባክቴሪያ አሞክሳሲሊንን የሚቋቋመው ግድግዳውን የሚሠራበትን ፕሮቲን ቅርፅ እየቀየረ ነው፤ መድኃኒቱ ያን ፕሮቲን እንደ ቀድሞው አጥብቆ አይዘውም። ቅርፁን በከፊል የቀየረው ዓይነት ግን የመድኃኒቱ መጠን በደም ውስጥ ከፍ ካለ ይሸነፋል። መጠኑ ለእያንዳንዱ ኪሎ በቀን ወደ 80 ሚሊ ግራም ከፍ እንዲል ያደረገው አንዱ ምክንያት ይኸው ነው። ግማሹን ሲሰጡት ምንም ያልቀየረው ደካማ ጀርም ይሞታል፣ በከፊል የቀየረው ይተርፋል፣ ቦታውም ለብቻው ይቀርለታል። በልጁ አፍንጫና ጉሮሮ ውስጥ ተቀምጦ በሳልና በእጅ አብረውት ለሚተኙት ወንድምና እኅቶቹ ይሻገራል። ሌላ ዓይነት መላመድም አለ፤ አንዳንድ ባክቴሪያዎች መድኃኒቱን የሚቆርጥ ኢንዛይም ይሠራሉ። እሱ ላይ መጠን መጨመር አይረዳም።

ዋጋ ሲያወዳድሩም በብልቃጥ አይቁጠሩ፤ በሙሉ ሕክምና ይቁጠሩ። የ125 ብልቃጥ ከ250ው ረክሶ ቢታይዎት ለ12 ኪሎ ልጅ ሁለት መግዛት እንዳለብዎት አይርሱ። ሽሮፕ መሆኑ ግድ ከሆነ ከ10 ኪሎ በላይ ለሆነ ልጅ የ250ውን ይጠይቁ። 10 ሚሊ ሊትር ጠዋትና ማታ፣ በ5 ቀን ልክ 100 ሚሊ ሊትር፤ አንድ ብልቃጥ በቃው።

ደግሞም «ጨርሱት» የሚለው ምክር በብልቃጥ ላይ ሲሆን ግራ ያጋባል። የ250 ብልቃጥ 7 ኪሎ ለሆነ ሕፃን ቢታዘዝ በ5 ቀን የሚወስደው 50 ሚሊ ሊትር ነው፤ ግማሹ ይተርፋል። እናት «ጨርሺው» ስለተባለች 10 ቀን ትሰጠዋለች፣ ወይም የተረፈውን ለታላቁ ታስቀምጣለች። መጨረስ ማለት የታዘዘውን ቀን መጨረስ ነው። ተጨማሪዎቹ 5 ቀናት የሳንባ ምቹ ላይ የሚጨምሩት ነገር ሳይኖር የልጁን የአንጀት ባክቴሪያዎች መድኃኒት ያለማምዳሉ። በኪኒኑ ይህ ጭንቀት የለም፤ 10 ፍሬ ተቆጥሮ ከተሰጠ ፍሬው ሲያልቅ ሕክምናውም አለቀ። ይህ አንድ ባሕርይ ብቻውን ለኪኒኑ እንድናደላ ይበቃል።

ውሃው፣ ማንኪያውና ሙቀቱ

ብልቃጡን ከመበጥበጥዎ በፊት ይገልብጡት። ዱቄቱ እንደ አሸዋ ከተንሸራተተ ደህና ነው። ከታች እንደ ጡብ ተጋግሮ ከቀረ ወይም ወደ ቡናማ ካደላ እርጥበት ገብቶበታል፤ ይመልሱት። የክዳኑ ማሸጊያ ሳይቀደድ መኖሩንም ይዩ።

100 ሚሊ ሊትር ብልቃጥ ማለት 100 ሚሊ ሊትር ውሃ ይጨመርበታል ማለት አይደለም። ዱቄቱ ራሱ ቦታ ይይዛል፤ የሚጨመረው ውሃ ከ100 ያነሰ ሲሆን ልኩ በልጣፉ ላይ ተጽፏል፣ ወይም በብልቃጡ ወገብ ላይ በመስመር ወይም በቀስት ተመልክቷል። አንገቱ ድረስ የሞላ ሰው 20 ሚሊ ሊትር ትርፍ ውሃ ቢጨምር የ125 ሽሮፑን ወደ 104 ያወርደዋል። መልኩም ጣዕሙም ስለማይለወጥ ማንም አያውቅበትም።

አበጣበጡ በሁለት ዙር ነው። መጀመሪያ ብልቃጡን በመዳፍ መታ መታ አድርጎ ዱቄቱን ማላቀቅ። ከዚያ ከውሃው ግማሽ ያህሉን ጨምሮ፣ ክዳኑን ዘግቶ፣ ገልብጦ ጭምር በደንብ መነቅነቅ። ዱቄቱ ከታች አለመቅረቱን ካዩ በኋላ ቀሪውን እስከ መስመሩ መሙላትና እንደገና መነቅነቅ። ሲነቀነቅ አረፋ ይይዛል፤ ልኩን በአረፋው ጫፍ አያንብቡ፣ ጥቂት ደቂቃ ይጠብቁና ፈሳሹን ይዩ። ውሃውን በአንድ ጊዜ ከሞሉት ከሥሩ ጓል ይሠራል፤ የመጀመሪያዎቹ ቀናት መድኃኒት ቀጭን፣ የመጨረሻዎቹ ወፍራም ይሆናሉ። ከበጠበጡት በኋላም ከእያንዳንዱ ማጠጣት በፊት መነቅነቅ የግድ ነው፤ መድኃኒቱ በውሃው ውስጥ ተንሳፎ የሚቀመጥ እንጂ የሟሟ ስላልሆነ ሲቆይ ይዘቅጣል።

ውሃው ፈልቶ የቀዘቀዘ መሆን አለበት፤ በተለይ ከጣና ዳር ከሐይቁ ለሚቀዱ ቤተሰቦች። በባሕር ዳር ከፍታ ውሃ የሚፈላው በ94 ዲግሪ አካባቢ ነው፤ ጀርም ለመግደል ይህም በቂ ነው፣ ፍልቅልቅ ማለት ከጀመረ በኋላ 1 ደቂቃ ይቆይ። ግን ሙቁን አያድርጉት። ሙቀት የአሞክሳሲሊንን ሞለኪውል ይሰብራል፤ ለብ ያለው ውሃ እንኳ ቢቆይ ይሻላል።

ማንኪያ ሌላው በር ነው። የቤት የሻይ ማንኪያ እንደ አሠራሩ 3 ሚሊ ሊትርም 7 ሚሊ ሊትርም ሊይዝ ይችላል። በአንድ ጊዜ 20 ሚሊ ሊትር የታዘዘለት ልጅ 3 ሚሊ ሊትር በሚይዝ ማንኪያ 4 ጊዜ ቢሰጠው የሚያገኘው 12 ሚሊ ሊትር፣ ማለትም በ500 ፈንታ 300 ሚሊ ግራም ነው። ከሳጥኑ ውስጥ መለኪያ ካልወጣ መርፌ የሌለው ባለ 5 ወይም ባለ 10 ሚሊ ሊትር ስሪንጅ አብረው ይግዙ። ስሪንጁን ወደ ጉንጩ ጎን አድርጎ ቀስ ብሎ መግፋት ነው፤ በቀጥታ ወደ ጉሮሮ ከተገፋ ልጁ ትን ይለዋል፣ ያስታውከዋልም።

ሙቀቱ ደግሞ የዚህ ከተማ የራሱ ፈተና ነው። አብዛኞቹ ልጣፎች ከ25 ዲግሪ በታች ይቀመጥ ይላሉ፤ በመጋቢትና በሚያዝያ ቀትር ላይ ቆርቆሮ ጣሪያ ሥር ያለ ክፍል ከዚያ ያልፋል። ፍሪጅ ያለው በር ላይ ሳይሆን መሐል መደርደሪያ ላይ ያስቀምጥ፣ በማቀዝቀዣው ክፍል ግን አይጋገር። ፍሪጅ የሌለው ብልቃጡን በላስቲክ ጠቅልሎ ውሃ በያዘ ጎድጓዳ ሳህን ውስጥ፣ ጥላ ባለበት የቤቱ ጥግ ያቁመው፤ ውሃውን ጠዋትና ማታ ይቀይረው። የተበጠበጠ ሽሮፕ ዕድሜው በብዙዎቹ ልጣፎች 7 ቀን ነው፣ አንዳንዶቹ በፍሪጅ እስከ 14 ቀን ይፈቅዳሉ። የበጠበጡበትን ቀን በእስክሪብቶ ልጣፉ ላይ ይጻፉ።

ወደ ዘጌ ወይም ወደ ደቅ በጀልባ የሚመለስ ሰው ፋርማሲው ላይ አያስበጥብጠው። ደረቅ ዱቄት መንገዱን ይችላል፤ የተበጠበጠው ግን በጀልባው ላይ ለሰዓታት ፀሐይ ሲመታው ይጎዳል። መስመሩ የቱ ጋ እንደሆነ ባለሙያው በጣቱ ያሳይዎት፣ ስሪንጅ ይያዙና ደርሰው በፈላና በቀዘቀዘ ውሃ ይበጥብጡት። ለእንዲህ ያለ መንገደኛ ግን ቀድሞውኑ ኪኒኑ የተሠራለት ነው ማለት ይቻላል።

ኪኒኑ በቅርብ ሲታይ

የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት የእናቶችንና የሕፃናትን ሕይወት ያድናሉ ያላቸውን 13 የሕክምና ግብዓቶች እ.ኤ.አ. በ2012 ሲለይ አሞክሳሲሊን ከዝርዝሩ ውስጥ ነበር፤ ለሕፃናት የተመረጠውም ይኸው የሚሟሟ ኪኒን ነው። ፍሪጅ አይፈልግም፣ ክብደት የለውም፣ አይፈስም።

አሰጣጡ፦ እጅ ታጥቦ፣ ንጹሕ የቡና ሲኒ ውስጥ የታዘዘውን ፍሬ ማስቀመጥ፤ በአንድ ፍሬ ከ5 እስከ 10 ሚሊ ሊትር ንጹሕ ውሃ ወይም የታለበ የእናት ጡት ወተት መጨመር፤ ሲኒውን ቀስ አድርጎ እያዞሩ ግማሽ ወይም 1 ደቂቃ መጠበቅ። ፈርሶ ሲደባለቅ ወዲያው ማጠጣት። ብዙዎች የሚዘነጉት ቀጥሎ ያለውን ነው፦ ሲኒው ግርጌ ላይ የቀረ ደለል አለ፤ ጥቂት ውሃ ጨምሮ አለቅልቆ እሱንም ማጠጣት ያስፈልጋል። በ30 ደቂቃ ውስጥ ልጁ ካስታወከው ሙሉው መጠን ይደገማል፤ የጎደለውን ፍሬ ከፋርማሲው ማሟላት እንዳይረሳ። የመስጫው ሰዓት ተረስቶ ካለፈ ትዝ እንዳለዎት ይስጡ፣ በሚቀጥለው ጊዜ ግን ሁለቱን አጣምረው አይስጡ።

ድክመቱን ሳንናገር አንለፍ። ለትልልቆቹ ልጆች 3 ፍሬ በአንድ ሲኒ ሲሟሟ ይወፍራል፤ ውሃውን ከፍ ማድረግ ይጠይቃል፣ ልጁም ከሽሮፑ ይልቅ ፊቱን ያጨማድዳል። ሐኪሙ በክብደቱ አስልቶ ለየት ያለ መጠን ካዘዘ ኪኒኑን መቆራረጥ ያስቸግራል፤ እዚያ ላይ በስሪንጅ የሚለካ ሽሮፕ ይበልጠዋል። ፍሬዎቹ ከማሸጊያቸው ወጥተው በወረቀት ከተጠቀለሉ ከአየሩ እርጥበት ይስባሉና እስከሚሰጡበት ደቂቃ ድረስ ከነማሸጊያቸው ይቆዩ። ሌላም አለ፤ ማሸጊያው በመቀስ ሲቆረጥ የማብቂያ ቀኑ የታተመበት ጫፍ ለሌላ ገዢ ይሄዳል። ቀኑን ሳይቆረጥ ይዩት።

የማብቂያ ቀን አብዛኛውን ጊዜ የሚጻፈው በፈረንጅ አቆጣጠር ነው። 06/2026 ማለት በእኛ ሰኔ 2018 ነው። በእኛ አቆጣጠር ያነበበው ሰው የካቲት 2026 ይመስለዋል፣ ከ7 ዓመት ተኩል በላይ ይሳሳታል።

መስኮቱ ላይ

ዕቃው ጥሩ ሆኖ አገልግሎቱ ካጎደለው ዋጋ የለውም። በኢትዮጵያ አንቲባዮቲክ ያለ ማዘዣ መሸጥ አይፈቀድም፤ በፈለገ ሕይወትም ሆነ በጥበበ ግዮን ሆስፒታል ዙሪያ፣ አባይ ማዶም ይሁን ሽምብጥ፣ ጥሩ ፋርማሲ የሚለየው መጀመሪያ ማዘዣ በመጠየቁ ነው። ቀጥሎ «ስንት ኪሎ ነው?» ይላል። ዕድሜ ብቻ ጠይቆ ብልቃጥ የሚያቀብል ቤት ከኛ ዝቅተኛ ነጥብ ያገኛል፤ የ2 ዓመት ልጅ 9 ኪሎም 13 ኪሎም ሊሆን ይችላል፣ የሁለቱም መጠን በእጥፍ ይለያያል። ከዚህ በፊት በፔኒሲሊን ወይም በአሞክሳሲሊን ሰውነቱ አብጦ ወይም ሽፍታ ወጥቶበት እንደሆነ የሚጠይቅ ደግሞ ሥራውን የሚያውቅ ነው። መድኃኒቱን እንደወሰደ ፊቱ ካበጠ ወይም ትንፋሽ ካጠረው ሌላ ዶዝ ሳይሰጡ ወደ ድንገተኛ ክፍል ይሮጣሉ።

«በየ8 ሰዓቱ» የሚለው ቃል በእኛ ሰዓት አቆጣጠር ወጥመድ አለው። ቀን 8 ሰዓት ላይ ማለት መስሏቸው በቀን አንድ ጊዜ ብቻ የሚሰጡ ወላጆች አሉ። ጥሩ ባለሙያ ሰዓቱን በቁርጥ ይጽፈዋል። በቀን 2 ጊዜ ከሆነ ጠዋት 1 ሰዓትና ማታ 1 ሰዓት፤ በቀን 3 ጊዜ ከታዘዘ ንጋት 12፣ ቀን 8፣ ማታ 4 ሰዓት። ከምግብ በፊትም በኋላም ቢሰጥ አሞክሳሲሊን ግድ የለውም። ጸበል የሚጠጣ ልጅም መድኃኒቱን ማቋረጥ የለበትም።

በመስኮቱ ላይ የሚጠየቀውን በቃል መያዝ ይጠቅማል። ማዘዣውን እየሰጡ፦ «ልጄ 11 ኪሎ ነው፤ በውሃ የሚሟሟው ባለ 250 አሞክሳሲሊን ካለ 20 ፍሬ ይስጡኝ»። የለም ከተባለ፦ «እንግዲያው የ250 ሽሮፕ ከነስሪንጁ፤ ለ5 ቀን ይበቃል ወይ?» ገንዘብ ስላነሰ 4 ወይም 6 ፍሬ ቆርጦ መግዛት ግን ከሁሉም የከፋው ነው። ሙሉውን መግዛት ካልተቻለ ወደ ጤና ጣቢያው መመለስ ይሻላል።

በምትኩ ስለሚቀርቡት

የአዋቂ ባለ 500 ካፕሱል ከፍቶ ዱቄቱን በዓይን ግምት ለሁለትና ለሦስት መክፈል የለብንም፤ አንዱ ክፍል ሁልጊዜ ያንሳል። ክላቩላኒክ አሲድ የተጨመረበት አሞክሳሲሊን መድኃኒቱን የሚቆርጠውን ኢንዛይም ስለሚያግድ የራሱ ቦታ አለው፤ ቅርፁን የቀየረ ኒሞኮከስ ላይ ግን ጥቅም አይጨምርም፣ ተቅማጥም ያበዛል። ከተበጠበጠ በኋላ ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ፍሪጅ የግድ ያስፈልገዋል፣ መብራት በሚቆራረጥበት ቤት ይህ ቀላል አይደለም። አዚትሮማይሲን 3 ቀን ብቻ መሆኑ ወላጅን ይስባል። የዓለም ጤና ድርጅት ግን አንቲባዮቲኮችን በሦስት ሲመድብ አሞክሳሲሊንን በቅድሚያ ከሚሰጡት ውስጥ፣ አዚትሮማይሲንንና በመርፌ የሚሰጠውን ሴፍትሪያክሶንን ደግሞ በጥንቃቄ ከሚያዙት ውስጥ አስቀምጧቸዋል፤ እነሱን ጀርሞች ቶሎ ከተላመዷቸው ለጠናው ሕመም የሚቀረን ጥቂት ነው። «መርፌ ይሻለዋል» ብሎ ፋርማሲስቱን መጫን ልጁን አይረዳውም፤ አፉ የሚቀበል ልጅ በአፉ ይውሰድ።

በ3ኛው ቀን ትኩሳቱ ካልቀነሰ ወይም ትንፋሹ እንደፈጠነ ከቀጠለ ወደ ሐኪሙ መመለስ ነው፤ መድኃኒቱን በራስ መቀየር አይሆንም። ቀድሞ ከባሰበት 3ኛውን ቀን አይጠብቁ።

የተረፈውን ምን እናድርገው

የተረፈ ሽሮፕ ለሚቀጥለው ሳል አይቀመጥም፣ ለጎረቤት ልጅም አይሰጥም። ሐይቁ ወይም አባይ ውስጥ፣ ወይም ወደ እነሱ በሚወርድ ቦይ ውስጥ አይደፋ፤ በውሃ ውስጥ የቀጠነ አንቲባዮቲክ እዚያ ያሉትን ባክቴሪያዎች ያለማምዳል። ፋርማሲው ከተቀበለዎት ይመልሱለት። ካልተቀበለ ፈሳሹን ከቡና አተላ ወይም ከአመድ ጋር ለውሰው፣ በላስቲክ ቋጥረው ከቤት ቆሻሻ ጋር ይጣሉት፤ ኪኒን ከተረፈም እንዲሁ። ብልቃጡ የታሸገ ሆኖ ኅዳር 12 እሳት ውስጥ ከተጣለ ይፈነዳል፤ ክዳኑን አንስተው፣ ልጣፉን ቀደው ለየብቻ ይጣሉ። ስሪንጁን ግን ያስቀምጡት፤ በሳሙናና በሞቀ ውሃ ታጥቦ ሲደርቅ ለፓራሲታሞል ሽሮፕ ያገለግላል።